በጭራው በኩል እለፍ

ጥቅምት 9

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ከዚህ አልጋ ተነስቶ፣ የዘይትና የጎማ ሽታውን እያሸተተ፣ ሱቅሽ ደጃፍ ድረስ ይምጣልሽ። ስለ ቆየሁብሽ ይቅር በይኝ። “ስልክ ብደውል ነርሷ ‘አይናገርም’ ብላ ዘጋችብኝ፤ አይናገርም ማለት ምን ማለት ነው?” ብለሽ የላክሽው ትናንት ደረሰኝ። አትደንግጪ፣ አልሞትኩም። መንጋጋዬ ሁለት ቦታ ተሰብሮ የላይና የታች ጥርሶቼን በሽቦ አጣምረው አስረዋቸዋል። አሠራሩን ብታዪው ትስቂያለሽ፤ አንቺ የተጣመመ ቸርኬ ስታቀኚ ከዚህ የተሻለ ትሠሪያለሽ። እስኪፈታ ድረስ በቀጭን ቱቦ ሾርባ እየሳብኩ እኖራለሁ።

ከምን ጋር ተጋጨህ ላልሽው፣ ከአህያ ጋር ነው። የመድኃኒት ቤቱን ሳጥን ብስክሌቴ ኋላ ጭኜ ወደ ጤና ጣቢያው ስወርድ፣ ቁልቁለቱ ላይ። አህያ ለአህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሳበር ይባላል፤ የኔ ተሳብሯል፣ ስለዚህ ቢያንስ አንዳችን አህያ አልነበርንም ማለት ነው።

“በራሷ ነው በጭራዋ?” ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። በጭራዋ በኩል ነው እትዬ። ደወልም አልነካሁም። አባታችን የሱቁ ግድግዳ ላይ የጻፈውን አንድም ሳላጎድል ነው ያደረግሁት።

ከጎኔ ባለው አልጋ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አሉ፤ ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሴት ልጃቸው በየቀኑ ለእሳቸው ሾርባ ስታመጣ ለእኔም በጨርቅ አጥልላ ትሰጠኛለች። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እያለቀሰች ይቅርታ ትጠይቀኛለች። ተይ ማለት አልችልም። ሌላ ወሬ የለኝም።

ወንድምሽ

ጥቅምት 15

ለቀጮ፣

እንኳን በሕይወት ተረፍክልኝ። አፍህ መዘጋቱን ስሰማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ “በመጨረሻ ነገር ሳይመልስልኝ እቆጣዋለሁ” የሚል ነው። ከዚያ ሱቁን ዘግቼ አለቀስኩ። አንድ ደንበኛ የተቀደደ የጎማ ካላማዳሪ ይዞ በሩን ሲደበድብ ቆይቶ ተሳድቦ ሄደ።

ለተማሪዎቼም ነገርኳቸው። ብስክሌት መንዳት የሚማሩትን ሁሉ ግድግዳው ፊት አስቁሜ እንደ ልማዳችን አስነበብኳቸው፦ “እንስሳ ስታይ ደወል አትንካ፣ ይደነግጣል። በጭራው በኩል እለፍ፣ ወደ ኋላ አይሮጥም።” ወንድሜ ይህን ባያውቅ ኖሮ ዛሬ አልነበረም አልኳቸው። እውነቴን ነው? ምክንያቱም ጭራዋ ጋ ደርሰህ ምን እንደመታህ አልጻፍክም። ከጭራ ቀጥሎ ሾርባ ነው ያለው። አህያዋ ካልሮጠችብህ መንጋጋህን ማን ሰበረው? የማታውቃት ሴትስ አንተን ይቅርታ የምትለምነው በምን ዕዳዋ ነው?

እኔ አሳድጌሃለሁ። አንድ ነገር ስትደብቅ ቀልድ ታበዛለህ።

እህትህ

ጥቅምት 22

ለእትዬ፣

ጠይቀሻልና እነግርሻለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ አትጥዪኝ፤ እኔ ራሴን ለመጥላት ማንም እንዲያግዘኝ አልፈልግም።

አህያዋ መንገዱ መሃል ቆማ ነበር። ሳር ተጭናለች፣ ከጆሮዋ በላይ የተቆለለ ሳር። ዘግይቼ ስለነበር ፍሬን ሳልይዝ ነው የምወርደው። አውራ ጣቴ ደወሉ ላይ ነበር፤ አነሳሁት። ደንግጣ እንዳትዘል ብዬ። ከዚያ መሪውን ወደ ጭራዋ አዞርኩ። ከሳሩ ጀርባ ሰው ነበር።

ሽማግሌው ከጭነቱ የተንጠለጠለ ገመድ ይዘው ከኋላዋ ነው የሚሄዱት። ስትሄድ ይሄዳሉ፣ ስትቆም ይቆማሉ። ወፍጮ ቤት፣ ገበያ፣ የልጃቸው ቤት፣ ሁሉንም መንገድ የምታውቀው እሷ ናት። ዳልቺት ይሏታል። ደወሉን ብነካው ይሰሙኝ ነበር። እትዬ፣ ደወሉን ብነካው ኖሮ ይሰሙኝ ነበር።

በፊቴ ተደፍቼ ወደቅሁ፣ እሳቸው ራሳቸውን ሳቱ። ሰው ሲደርስ አህያዋ ከላያቸው ቆማ ማንንም አላስጠጋም ብላ አንዱን ሰውዬ ረገጠችው። በዚያ ተፈረደባት። ደንብራ ሽማግሌውንም ብስክሌተኛውንም ጨረሰቻቸው ተባለ። እሳቸውም ሲነቁ የተነገራቸውን አመኑ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሰውዬውን ትተው አህያዪቱን ሲመቱ ግን እዚህ አየሁ።

ሴትየዋ ይቅርታ የምትለምነኝ ለዚህ ነው። “የኛ ከብት ነው መልክህን ያጠፋው” ትለኛለች። እኔ ሾርባዋን እስባለሁ። ሽማግሌው “ኮቴዋን መስማት አልፈልግም” ስላሉ ልጃቸው ለጡብ ሠሪ ልትሰጣት ነው። እዚያ የገባ አህያ ጭነቱ ወገቡን ሰብሮት እንጂ በእግሩ አይወጣም ይላሉ። ሽማግሌውም ቢድኑ ያለ እሷ ከበር አይወጡም። እኔ መናገር አልችልም፣ እሳቸው የጻፍኩትን ማየት አይችሉም። አልጋና አልጋ ገጥመን ተኝተናል።

ምን ላድርግ?

ወንድምሽ

ጥቅምት 25

ወንድም ዓለም፣

ዝም በል።

ምን ላድርግ አልከኝ፣ ይኸው ነው የምልህ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ያንተን አፍ ደግሞ ሐኪም ነው የዘጋው፤ ዋሸ የሚልህ የለም፤ አንድም ቃል አልተነፈስክም። ሴትየዋ ያመነችውን ትመን። እሳቸው እግዜር ይማራቸው። አንተ ከዚያ አልጋ ተነስተህ ና። ብትናገር ምን እንደሚከተል ልንገርህ፦ መጀመሪያ መድኃኒት ቤቱ “አናውቀውም” ይልሃል፣ ቀጥሎ ፖሊስ ይመጣል፣ ከዚያ እኔ ስንቅ እየቋጠርኩ እስር ቤት በር ላይ እሰለፋለሁ። እኔ ካንተ ሌላ ማን አለኝ? አባታችንን ቀብሬያለሁ። አንተን ደግሞ በቁምህ አልቀብርም።

አህያ አህያ ናት። ሌላ ይገዛሉ።

አባታችን ያንን ሲጽፍ ከሳር ክምር ጀርባ ዓይነ ስውር ይኖራል ብሎ አላሰበም። ማን ያስባል? ደግሞ ስንት ሰው ነው በዚያ ቃል የተረፈው። ላሙ፣ ውሻው፣ የፍየሉ መንጋ፣ ስንቱን አልፈነዋል። አንድ ቀን ለሳተ ቃል ግድግዳ አይፈርስም።

ተናድጄ አይደለም የምጽፍልህ። ፈርቼ ነው። ዛሬ ጠዋት ተማሪዎቼ እንደ ልማዳቸው ግድግዳው ፊት ተሰለፉ። “ዛሬ ይቅር፣ ሂዱ ፔዳል ምቱ” ብዬ መለስኳቸው።

እህትህ

ኅዳር 1

ለእትዬ፣

ዝም በል ያልሽኝን ሞከርኩት። እንደ መናገር ያህል ይከብዳል።

ለሴትየዋ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። ማንበብ እንደማትችል አላወቅሁም ነበር። የምስጋና ነገር መስሏት ደረቷ ላይ አስጠግታ ይዛ “ሲስተርን አስነብቤ እሰማዋለሁ” አለችኝ። ፊቷ እንዲያ ሲፈካ አይቼ አላውቅም። ፈራሁና ከእጇ ነጠቅኋት። ደነገጠች። ያም ሆኖ ሾርባውን ትታልኝ ሄደች።

በማግስቱ እሷ ስትወጣ ከአልጋዬ ወርጄ የሽማግሌውን እጅ ያዝኩ። መዳፋቸው ላይ በጣቴ “እኔ” ብዬ ጻፍኩ። ደግሜ ጻፍኩ። ያጽናናኋቸው መሰላቸው። “አይዞህ ልጄ፣ ያንተም ያልፋል” አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ይጠብቃሉ። ካልያዝኩላቸው አይተኙም። እትዬ፣ ሳላቅማማ ነው የምነግርሽ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ሐኪሙ መንጋጋዬ ተጣሞ እየገጠመ ነው ብሎ ነገ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይልከኛል። እንደ አዲስ ይሰብሩታል። ዳልቺት ቅዳሜ ለጡብ ሠሪው ትሰጣለች። እኔ ሄጄ ማን ይነግራቸዋል?

ከዚህ ጋር ለእሳቸው የተጻፈ ደብዳቤ አለ። አፌ ሁኚልኝ። ከቅዳሜ በፊት ሄደሽ አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብለሽ፣ ቃል ሳታለዝቢ፣ ልጃቸው ባለችበት አንብቢላቸው። ካስያዙኝም ያስይዙኝ። ይህን ካላደረግሽልኝ እወድሻለሁ፣ ግን አትጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ኅዳር 9

ለወንድሜ፣

ፊትህ እንዴት ሆነ? ሕመሙ ጸናብህ ወይስ ቀለል አለ? ሽቦውን እንዳትነካካው። ላኪልኝ ያልከውን ልብስ አምጥቼልሃለሁ፣ በአውቶቡስ በሰው እልክልሃለሁ።

“ደረስሽ? አነበብሽላቸው? አህያዋስ?” እያልክ በተከታታይ የጻፍካቸው ደርሰውኛል። መልስ የዘገየው ፖስታው ጠፍቶ አይደለም፣ እኔ ፈርቼ ነው። ደረስኩ። አነበብኩላቸው። ስለ አህያዋ መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ።

ያንተ አልጋ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ሽማግሌው እጃቸውን ወደዚያው ዘርግተው ነበር፤ አዲሱ በሽተኛ ግን ግራ ገብቶት ጀርባውን ሰጥቷቸዋል። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ደስ ብሏቸው “የዚያ የዝምተኛው ልጅ እህት” ብለው ለልጃቸው አስተዋወቁኝ። እሷም ወንበሯን ለቀቀችልኝ። እንደዚያ ተቀብለውኝ ነው ማንበብ የጀመርኩት። አንድም ቃል አላለዘብኩም።

አንብቤ ጨረስኩ። ከዚያ “ቆማ ነበር የሚለውን ቦታ ድገሚልኝ” አሉኝ። ደገምኩላቸው። ሦስተኛም አስደገሙኝ።

“ስትቆም ሂጂ ብዬ በዱላ መታኋት” አሉ። “እሷ ሰምታዋለች። ጆሮ አለኝ የምለው እኔ አልሰማሁትም፣ እሷ ሰማችው። ቆመችልኝ፣ መታኋት። ከዚያም አባረርኳት።”

ስለ አንተ ምንም አላሉም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ልጃቸው ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። ትመታኛለች ብዬ ነበር። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፦ “በየቀኑ እግሩ ሥር ተቀምጬ ይቅር በለን ስለው ነበር። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?” አንተ ደጋግመህ ነገረኛ ነሽ ትለኝ የለ፣ ያን ቀን አፌን ማን ሽቦ እንዳሰረው አላውቅም።

አሁን ስለ አህያዋ። ቅዳሜ ሄዳለች፣ እኔ የደረስኩት ሰኞ ነው። ደብዳቤህ ግን ሐሙስ ደርሶኝ ነበር። ይዤው ሱቅ ውስጥ ቁጭ አልኩ። አህያዋ ከሄደች ነገሩ ያበቃል፣ መናገርም አያስፈልግም ብዬ ነው ቀኑን ያሳለፍኩት። ቅዳሜ ማታ ነው መቀመጥ ያቃተኝ። አንተ ሳታውቅ የሄድክበትን መንገድ እኔ እያወቅሁ ሄድኩበት።

ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ እህል አይቀምሱም። ሳልም ጀምሯቸዋል፤ ሲስተር ሳምባቸው ነው ትላለች። የአባታችንን ብስክሌት አውቶቡስ ላይ አስጭኜ ነበር የመጣሁት። በእሱ ከአንዱ ጡብ ሠሪ ወደ ሌላው እየዞርኩ ነው። ጡብ ሠሪ የዚህን ያህል ብዙ መሆኑን አላውቅም ነበር። ልጃቸው የሰጠቻት ሰውዬ ደግሞ ለሌላ አሳልፎ ሰጥቷታል። ግራ ጆሮዋ ጫፉ የተቆረጠ ነው ብለውኛል። ጆሮ እያየሁ እውላለሁ።

እህትህ

ኅዳር 18

ለቀጮ፣

አገኘኋት።

በሕይወት አለች ወይ ላልከው፣ አለች፤ ጀርባዋ ግን ቆስሏል። ጡቡን ያለ ምንጣፍ ነው የሚጭኑባት። ብስክሌቱን እየገፋሁ ስጠጋት ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፤ ሁለመናዋ ተንቀጠቀጠ። ጆሮዋን ሳላይ ነው ያወቅኋት። ከብስክሌት የሚሸሽ አህያ እዚያ ግቢ ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች።

ባለቤትዋ ጡብ ሠሪ መጥፎ ሰው አይደለም፣ ግን ሥራ ላይ ነው። አህያ በጠፋበት ጊዜ ያገኘሁትን አህያ አልመልስም አለኝ። ለመንኩት። ስለ ሽማግሌው ነገርኩት። “ሁሉም አህያ አንድ ታሪክ አለው” አለኝ። ሲያወራኝ ግን ዓይኑ ብስክሌቱ ላይ ነው። ጭቃ የሚያቦኩለት ሠራተኞቹ ራቅ ካለ ሰፈር በእግር ነው የሚመጡት፣ እሱም እንደዚያው።

አባታችን እሽቅድድም ያሸነፈበት ብስክሌት ነው ብዬ አልነገርኩትም። ካቴናው አዲስ መሆኑን፣ የኋላ ፍሬኑ ትንሽ እንደሚያንቋርር ብቻ ነገርኩት። ወጥቶ ግቢውን ዞረበትና ደወሉን አንዴ ነካው። ዳልቺት ቀና አለች። ሄድኩና ገመዷን ፈታሁ።

እንዴት እንዳመጣኋት ልንገርህ። ከፊት ሆኜ ብጎትታት አልንቀሳቀስ አለች። ለመንኩ፣ ገፋሁ፣ ሰደብኩ፣ አላፊ አግዳሚው ሳቀብኝ። በመጨረሻ ደክሞኝ ገመዱን ለቀቅ አድርጌ ከኋላዋ ብቆም መሄድ ጀመረች። ከኋላዋ ገመድ ይዞ የሚከተላት ሰው ካለ ብቻ ነው የምትሄደው። መንገድ ማቋረጫ ላይ ቆመች፤ ቆምኩ። መኪናው አለፈ፤ ሄደች። አንድ ቦታ ላይ ቆማ እንቢ አለች። ምንም አይታየኝም። ልነካት እጄን አንስቼ ሽማግሌው ትዝ አሉኝና መልሼ አወረድኩት። ጥቂት ቆይቶ ከማጠፊያው አንድ ብስክሌት እንደ ጥይት ወረደ። ደወል አልነካም። በጭራዋ በኩል፣ በእኔ በኩል ማለት ነው፣ ልብሴን ነክቶኝ አለፈ። ዞሬ ሳየው የኛን ሱቅ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ ነው። እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስመለስ መጀመሪያ የምሠራው ግድግዳውን ኖራ መቀባት ነው። አባታችን ይቅር ይበለኝ፣ እሱም ከኋላዋ ቢቆም ኖሮ ያጠፋው ነበር።

ሆስፒታሉ ስንደርስ አህያ ግቢ አይገባም ብሎ ዘበኛው ከለከለን። ልጃቸው ወጥታ አየችን። ምንም ሳትለኝ ዘበኛውን ታግላ በሩን ከፈተችው። የግቢው ድንጋይ ላይ ስትራመድ መስኮቱ ክፍት ነበር። እኔ አላየሁም፣ ሲስተር ናት የነገረችኝ፦ ሽማግሌው አፋቸው ጋ የደረሰውን ማንኪያ በእጃቸው አቁመው “ዝም በሉ” አሉ፣ ክፍሉ ሁሉ ዝም አለ፣ ኮቴውን ሰሙ።

ያን ቀን በሉ። ግን ወንድሜ፣ አልደብቅህም፣ ትንፋሻቸው አጥሯል። ሐኪሙ ስለ ዳሌያቸው ማውራት ትቷል። ልጃቸው ይህን ታውቃለች፤ ለእሳቸው አንነግራቸውም ብለን ተማክረናል። እሷ አሁን ታናግረኛለች፤ ስለ አንተ ግን ስም አታነሳም።

ይቅር አሉኝ ወይ ብለህ የጠየቅከኝን እኔም ጠየቅኋቸው። እንዲህ ነው ያሉት፦

“የተጻፈውን ሰማሁ። የወንድምሽን እጅ አውቀዋለሁ፣ ድምፁን አላውቅም። አፉ ሲፈታ ይምጣና ራሱ ይንገረኝ። ያኔ የምለውን እላለሁ።”

ሽቦው የሚፈታበትን ቀን አትጠብቅ አልልህም፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ፍጠን።

እህትህ

ኅዳር 22

ለእትዬ፣

ሐኪሙ ጊዜው አልደረሰም ብሎ ነበር። ደብዳቤሽን አስነበብኩት። ዛሬ ጠዋት ፈታልኝ። ቢጣመም በራሴ ነው ብዬ ፈርሜለታለሁ።

አፌ የሚከፈተው የአንድ ጣት ያህል ነው። ድምፄን ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ። ለአልጋ ጎረቤቶቼ ሰላም ብላቸው እየተሳሳቁ “ምን አለ?” ተባባሉ። ይህን ዛሬ ማታ ለሚነሳ የጭነት መኪና ሹፌር ሰጥቼዋለሁ፣ ለእኔ ቦታ የለውም፤ እኔ በነገው የመጀመሪያ አውቶቡስ እመጣለሁ። ካንቺ ደብዳቤ ወዲህ ምን እንደተፈጠረ አላውቅም፤ መንገድ ላይ ሳለሁ የሚመጣ ወሬ ካለም አይደርሰኝም። በር ላይ አትጠብቂኝ፤ ፊትሽን አይቼ ነገሩን ካወቅሁት እግሬ አያስገባኝም። ከዳልቺት ጋር ሁኚ።

የምላቸውን ሁሉ በልቤ አሰናድቼ ነበር፤ ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ ሳሩ፣ ስለ ደወሉ። አይወጣልኝም። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ከግድግዳ ጋር ስለማመድ ዋልኩ። ከዚያ ሁሉ ንግግር አጥርቼ ማለት የቻልኩት ሁለት ቃል ብቻ ነው። በሩን ከፍቼ፣ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ፣ እጃቸውን ይዤ የምላቸው እሱን ነው፦

“እኔ ነኝ።”

ወንድምሽ